ስትሮክ የያዘው እጅ፦ ታሪኩን ከወለቃ እንየው



ከጎንደር ወደ ደባርቅ ስትወጡ ብዙም ሳትርቁ ወለቃን ታገኛላችሁ። የቤተ እስራኤል ሸክላ ሠሪዎች መንደር ነበረች። ነዋሪዎቿ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹና በ1991 ወደ እስራኤል ቢሄዱም፣ ሸክላው ግን ዛሬም በመንገድ ዳር ይሸጣል። ጭቃው የሚቦካውም፣ ጀበናው ቅርጽ የሚይዘውም በሁለት እጅ ነው። እዚያ እጅ ማለት እንጀራ ነው። ታዲያ ስትሮክ አንዱን እጅ ሲያዝለው ምን ይበጃል? በዚህ ጉዳይ ክርክሩ መቶ ዓመት አልፎታል።

እ.ኤ.አ. በ1917 ኦግደንና ፍራንዝ የተባሉ ተመራማሪዎች አንጎላቸው የተጎዳ ጦጣዎች ጤነኛ እጃቸው ሲታሰር በደካማው መሥራት እንደሚጀምሩ አሳዩ። ነገሩ ብዙም ሳይታወስ ቆየ። በ1940ዎቹ ለንደን ላይ በርታ ቦባት ሌላ መንገድ ይዛ መጣች፦ ባለሙያዋ በእጇ የታማሚውን ግትር ጡንቻ እያላላች ትክክለኛውን እንቅስቃሴ ትመራለች። ይህ ለብዙ አሥርት ዓመታት ገንኖ ኖረ።

ኋላ ኤድዋርድ ታውብ የቀድሞውን ሐሳብ አነሣው። ታማሚው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይሞክራል፣ ያቅተዋል፣ ይተወዋል። አንጎሉ ትንሽ ሲያገግምም እጁን አለመጠቀም ለምዷል። መፍትሔው ጤነኛውን እጅ በጓንት ከልክሎ ደካማውን በየቀኑ ለሰዓታት ማሠራት ሆነ። በ2006 ይፋ የሆነው፣ 222 ሰዎች የተካፈሉበት የአሜሪካ ጥናት ከተለመደው እንክብካቤ የተሻለ ውጤት አሳየ። ግን ለሁሉም አይሆንም፤ አንጓውና ጣቶቹ በመጠኑም ቢሆን መዘርጋት አለባቸው። ለማይዘረጉት ከ1999 ወዲህ መስታወት እየተሞከረ ነው፦ የጤነኛው እጅ ምስል አንጎልን «ደካማው ተንቀሳቀሰ» ያሰኘዋል።

ሮቦቱስ? በብሪታንያ በ770 ሰዎች ላይ ተሞክሮ በ2019 የወጣው ውጤት፣ እጅን ለሥራ በመመለስ ከተለመደው እንክብካቤ እንደማይበልጥ ነገረን። ለእኛ ይህ ቀላል ዜና አይደለም። ውድ ማሽን ባይኖረን ሲኒ፣ ሽምብራ፣ ቁልፍና መስታወት አናጣም።

የሚያሳስበኝ ሌላ ነው፤ ጉርሻችን። ስትሮክ ቤት ሲገባ እናጎርሳለን፣ እናለብሳለን፣ ውኃውን ሳይቀር ከአፍ እናደርሳለን። ፍቅር ነው፣ አልክድም። ግን ታውብ የፈራው ልማድ በዚሁ ፍቅር ሥር ይሰድዳል። እባካችሁ እጅ ማሰርን ከራሳችሁ አትጀምሩ፤ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ያሠለጠናቸው የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎች አሉና አማክሩ። እስከዚያው አባባ ሲኒውን ራሳቸው ያንሡ። ቢፈስ ይፈስሳል፤ ቡና እንደገና ይቀዳል።