ዜማን እንዳለ መተው

በጃዝ ተጫዋቾች ዘንድ የቆየ ልማድ አለ። ተጫዋቹ ሰው ሁሉ የሚያውቀውን ዜማ አንሥቶ አንድ ጊዜ ያሰማል፤ ከዚያም ትቶት በዜማው ኮርዶች ላይ የራሱን አዲስ ፈጠራ እዚያው በዚያው ይደረድራል። ችሎታውም የሚመዘነው በዚህ በሁለተኛው ክፍል ነው። እ.ኤ.አ. በጥር 1955 ኒው ዮርክ ውስጥ በሦስት ቀናት የተቀረጸው «ክሊፎርድ ብራውን ዊዝ ስትሪንግስ» የተሰኘው ሸክላ ግን ከዚህ ልማድ ወጣ ያለ ሥራ ነው።

ክሊፎርድ ብራውን በ1930 ዊልሚንግተን፣ ደላዌር የተወለደ ጥቁር አሜሪካዊ ትራምፔት ነፊ ነበር። በ1950 የደረሰበት የመኪና አደጋ ለወራት ሆስፒታል አስተኝቶታል። በ1954 ከከበሮ መቺው ከማክስ ሮች ጋር የመሠረተው ቡድን በፍጥነቱና በጥራቱ ስሙ የገነነ ነበር። ታዲያ ይህ እንደ መብረቅ የፈጠነ ሙዚቀኛ በሃያ አራት ዓመቱ በቫዮሊኖችና በመሰል የአውታር መሣሪያዎች ታጅቦ ዐሥራ ሁለት ዝግ ያሉ የፍቅር ዜማዎችን ተጫወተ። የኦርኬስትራውን ክፍል ያቀናበረው ኒል ሄፍቲ ነው።

አጃቢ አውታሮቹ ስኳር በዝቶባቸዋል ያሉ ሐያስያን አልጠፉም። ነቀፌታው ከነጭራሹ መሠረት የለውም አይባልም፤ ቫዮሊኖቹ አንዳንዴ እንደ ፊልም ማጀቢያ ይለሰልሳሉ። ነገር ግን ጆሮን ከአውታሮቹ መልሶ ወደ ትራምፔቱ ያዞረ ሰው ሌላ ነገር ያገኛል።

ብራውን ዜማውን አይሸሸውም። ከሦስት ደቂቃ እምብዛም በማያልፉት በእነዚህ ቅጂዎች ውስጥ ደራሲው የጻፈውን ዜማ ከሞላ ጎደል እንዳለ ይነፋዋል፤ እዚህም እዚያም ጥቂት ጌጥ ጣል ያደርግበታል እንጂ አያፈርሰውም። ዘፋኝ በሚተነፍስበት ቦታ ይተነፍሳል፤ ረጅሙን ድምፅ ቀጥ አድርጎ ይዞ ቆይቶ ወደ መጨረሻው በዝግታ ያርገበግበዋል። ቃል የሌለው መሣሪያ የግጥሙን ስንኝ ጠብቆ ሲሄድ ይሰማል። ስንኝ ለሚቋጥር ሰው ይህ ትልቅ ትምህርት ነው፤ ቃል መጨመር እየቻሉ አለመጨመር፣ ቃል ከማጣት ፈጽሞ ይለያልና።

ሸክላው ከተቀረጸ ከዐሥራ ሰባት ወራት በኋላ፣ ሰኔ 26 ቀን 1956፣ ብራውን በፔንሲልቬኒያ አውራ ጎዳና ላይ በሌላ የመኪና አደጋ ሞተ። በዚሁ ሸክላ ላይ ፒያኖ የተጫወተው ሪቺ ፓወልና ባለቤቱም አብረውት አለቁ። ብራውን ሃያ አምስት ዓመቱ ነበር።

ስለዚህም ብዙዎች ይህን ሥራ እንደ ስንብት ይሰሙታል። አንባቢ ሆይ፣ እኔ ግን እንዲህ አልሰማውም። ሙሾውን የደረሰለት፣ ከሞቱ በኋላ፣ ወዳጁ ቤኒ ጎልሰን ነው፤ «አይ ሪመምበር ክሊፎርድ» የተባለው ያ ዜማ እስከ ዛሬ ይነፋል። እነዚህ ዐሥራ ሁለት ዜማዎች ግን ሞቱን ያላወቀ፣ ጤናው የተመለሰ፣ ጉልበቱ የሞላ ወጣት ሥራ ናቸው። ዝግታቸውን ከኀዘን ቈጥረን ብናለቅስበት፣ መፍጠን እየቻለ ዝግ ማለትን የመረጠውን ሰው ምርጫውን እንቀማዋለን። በመጨረሻው «ስታርደስት» ላይ ትራምፔቱ ሳይቸኩል ሲወርድ የሚሰማውም፣ ዜማውን ወድዶት እንዳለ የተወው ሰው እርጋታ ነው።