የተቃጠለው ንድፍና የኮሎሰስ ዳግም ልደት

መሣሪያ የሠሪው እጅ ምስክር ነው። ሲፈርስም በውስጡ የተከማቸው እውቀትና የሠሪው ስም አብረው ይቀበራሉ። በትርፍ ጊዜያቸው የጠፉ ክፍሎችን እየሠሩ አሮጌ መሣሪያዎችን የሚያድሱ ሰዎች ሥራ ክብደት የሚታወቀውም በዚህ ነው። ኮሎሰስ የተባለው የእንግሊዝ ኮምፒዩተር ታሪክ ለዚህ ዓቢይ ማስረጃ ነው።

የኮሎሰስ ፈጣሪ ቶሚ ፍላወርስ በምሥራቅ ለንደን ከግንበኛ አባት የተወለደ የቴሌፎን መሐንዲስ ነበር። የናዚ ጀርመን ጦር አዛዦች የሚለዋወጡትን ምሥጢራዊ መልእክት ለመፍታት የሚረዳ፣ 1,600 ያህል የመስታወት ቫልቮች ያሉት መሣሪያ ሲያቅድ፣ ቫልቮቹ ቶሎ ቶሎ ይቃጠላሉ ያሉ ጥቂቶች አልነበሩም። እርሱ ግን ሳይጠፉ ሌት ተቀን ከሠሩ እንደሚበረክቱ ከቴሌፎን ሥራው ተምሮ ነበር። መሣሪያው እ.ኤ.አ. በ1944 በብሌችሊ ፓርክ ሥራ ጀመረ፤ ጦርነቱ ሲያበቃም ቁጥሩ አሥር ደርሶ ነበር።

ድሉ ከተገኘ በኋላ ግን አብዛኞቹ ፈረሱ፤ ንድፎቹም በትእዛዝ ተቃጠሉ። ሠሪዎቹ እስከ 1970ዎቹ ድረስ ምሥጢሩን እንደ ጠበቁ ኖሩ።

ቶኒ ሴል የተባለ መሐንዲስ በ1993 ከበጎ ፈቃደኞች ጋር ኮሎሰስን እንደገና ለመሥራት ሲነሣ፣ በእጁ የነበሩት በ1945 የተነሡ ጥቂት ፎቶግራፎችና አንዳንድ መሐንዲሶች በድብቅ ያቆዩአቸው የንድፍ ቁራጮች ነበሩ። የክፍሎቹን መጠን ከፎቶግራፎቹ ለክቶ ንድፉን እንደገና ነደፈ። ከአገልግሎት ከወጡ የቴሌፎን ማዞሪያ ጣቢያዎች አሮጌ ዕቃዎች ተሰበሰቡ። የተበሳውን የወረቀት ጥብጣብ በብርሃን የሚያነበው ክፍል ግን፣ በ1942 የነደፈው አርኖልድ ሊንች ራሱ በሰጠው ምክር እንደገና ተሠራ።

ሰኔ 6 ቀን 1996 (እ.ኤ.አ.) መሣሪያው ዳግመኛ ሲንቀሳቀስ ፍላወርስ በቦታው ተገኝቶ በዓይኑ አየ። ከሁለት ዓመት በኋላ ዐረፈ።

ሥራው በተጠናቀቀበት በ2007 በተደረገ ውድድር፣ አንድ ጀርመናዊ በዘመናዊ ኮምፒዩተር ምሥጢራዊውን መልእክት ከኮሎሰስ ቀድሞ ፈታ። ይህ የታደሰውን መሣሪያ ክብር አይቀንሰውም፤ ተልእኮው ምስክርነት እንጂ ፍጥነት አይደለምና። ከዚህ የምንማረው ግን አንድ ብርቱ ነገር አለ። ሥራው ጥቂት ዓመታት ቢዘገይ ኖሮ የሚጠየቅ ባለሙያ ባልተገኘ ነበር። እንግዲህ አሮጌ መሣሪያ ከመጣሉ በፊት፣ አሠራሩን የሚያውቀው አረጋዊ ሠራተኛ በሕይወት ሳለ ይጠየቅ።