አርሶ አደሩ የአፈርና ውኃ ዕቀባ ሥራን ተቀብሎ እንዲያዘልቅ የሚያነሳሱት ምክንያቶች

እርከን መሥራት፣ ኮምፖስት ማዘጋጀት፣ ዛፍን ከሰብል ጋር አጣምሮ ማልማትና ልቅ ግጦሽን ማስቀረት የአፈርን ለምነት ጠብቆ ምርት ለማግኘት የሚረዱ ዘዴዎች ናቸው። ዘዴዎቹ በኢትዮጵያ ደጋማ አካባቢዎች ለበርካታ ዓመታት ሲስፋፉ ቢቆዩም ውጤታቸው ከቦታ ቦታ ይለያያል። በአንድ ቀበሌ የተሠራው እርከን በየዓመቱ ሲጠገን፣ በሌላው በቀጣዩ የእርሻ ወቅት በማረሻ ሲፈርስ ይታያል።

በ1960ዎቹ አጋማሽ ከደረሰው ድርቅ በኋላ በምግብ ለሥራ ፕሮግራም ሰፊ የእርከንና የደን ተከላ ሥራ ተከናውኗል። ይሁንና ዕቅዱ ከላይ የሚወርድ በመሆኑና አርሶ አደሩም ሥራውን የራሱ አድርጎ ባለመመልከቱ፣ በ1983 ዓ.ም የመንግሥት ለውጥ ወቅት በበርካታ አካባቢዎች እርከኖች ፈርሰዋል፤ ደኖችም ተጨፍጭፈዋል። በ1997 ዓ.ም የተጀመረው የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራምም በተፋሰስ ሥራ ላይ የሚሰማራ ሰፊ ጉልበት ያስገኘ ቢሆንም፣ ክፍያ ሥራውን ለማስጀመር እንጂ ለማዝለቅ ብቻውን በቂ አይሆንም።

ለአርሶ አደሩ ውሳኔ ቀዳሚው መነሻ በአጭር ጊዜ የሚታይ ጥቅም ነው። እርከን ከማሳው ላይ መሬት ይሻማል፤ በሬ ለማዞር ያስቸግራል፤ ለአይጥ መራቢያም ሊሆን ይችላል። ዝናብ አጠር በሆኑ አካባቢዎች እርከኑ እርጥበት ስለሚይዝ የምርት ጭማሪው ቶሎ ይታያል። ዝናብ በሚበዛባቸው አካባቢዎች ግን ውኃ ማሳው ላይ እንዲተኛ በማድረግ ሰብሉን ሊጎዳ ስለሚችል የማፋሰሻ ቦይ ያስፈልገዋል። በእርከኑ ላይ እንደ ደሾ ያለ የመኖ ሣር መትከል በእርከኑ የተያዘውን መሬት መልሶ ጥቅም ላይ ያውለዋል።

ሁለተኛው የይዞታ ዋስትና ነው። መሬቱ ነገ ይከፋፈልብኛል ብሎ የሚሰጋ አርሶ አደር ፍሬው ከዓመታት በኋላ ለሚገኝ ሥራ ጉልበቱን አያፈስም። በ1990ዎቹ መጀመሪያ በትግራይ የተጀመረውና በአማራ፣ በኦሮሚያና በቀድሞው የደቡብ ክልል የቀጠለው የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር አሰጣጥ አርሶ አደሩን ለእርከን ሥራና ጥገና እንዳበረታታ በትግራይና በአማራ የተካሄዱ ጥናቶች አመልክተዋል። አዋጅ ቁጥር 456/1997 በበኩሉ መሬትን የመንከባከብ ግዴታን ከመጠቀም መብት ጋር በማያያዝ፣ ተዳፋትነቱ ከ60 በመቶ በላይ የሆነ መሬት ለእርሻና ለልቅ ግጦሽ እንዳይውል ደንግጎ ነበር። ይህ አዋጅ በአዋጅ ቁጥር 1324/2016 ተተክቷል።

ሦስተኛው የቤተሰቡ ጉልበትና ግብዓት ነው። ኮምፖስት ማዘጋጀት፣ ማጓጓዝና መበተን ብዙ ጉልበት ይጠይቃል። ኩበት ለማገዶ በሚውልባቸው አካባቢዎች ደግሞ ምድጃውና ማሳው በአንድ ግብዓት ይሻማሉ። በዚህ ምክንያት የማገዶ ዛፍ ተከላና ማገዶ ቆጣቢ ምድጃ ለአፈር ለምነትም ያግዛሉ።

አራተኛው የጎረቤት ትብብር ነው። የላይኛው ማሳ ባለይዞታ እርከን ካልሠራ ጎርፉ የታችኛውን እርከን ይጥሳል። አንዱ ከብቱን ከለቀቀም ሌላው የተከለው ሣር አይተርፍም። የአካባቢው ነዋሪ ራሱ ያወጣው መተዳደሪያ ደንብ ተሰሚነት የሚያገኘው ከዚህ የተነሳ ነው።

ለዚህ አብነት የሚሆኑ አካባቢዎች አሉ። በ2003 ዓ.ም በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የኮንሶ መልክዓ ምድር የድንጋይ እርከኖች ለ21 ትውልድ ያህል በማኅበረሰቡ ጉልበት ተጠብቀው የቆዩ ናቸው። በትግራይ የአብርሃ ወአጽብሃ ቀበሌ ነዋሪዎች የተራቆተ መሬታቸውን መልሶ በማልማት በ2004 ዓ.ም የኢኳተር ሽልማት አግኝተዋል። በወላይታ ሁምቦ ደግሞ 2 ሺህ 728 ሄክታር የተራቆተ ተራራማ መሬት በኅብረት ሥራ ማኅበራት ተጠብቆ እንዲያገግም ተደርጓል። ማኅበራቱም ከካርቦን ሽያጭ ገቢ አግኝተዋል።

በየደረጃው የሚቀርቡ የሥራ ሪፖርቶች ትኩረት በአብዛኛው በተሠራው እርከን ርዝመትና በተተከለው ችግኝ ብዛት ላይ ነው። የአርሶ አደሩን ተቀባይነት የሚያሳየው ግን ከሁለትና ከሦስት ክረምት በኋላ ያለ ክፍያና ያለ ቀስቃሽ ተጠግኖ የተገኘው እርከን መጠን ነው። የወረዳና የቀበሌ አመራሮች ይህንን በዕቅዳቸው አካትተው ቢከታተሉ፣ ሥራው የት እንደጸናና የት እንደተተወ፣ ምክንያቱም ምን እንደሆነ ለመለየት ያስችላቸዋል።