ከአስፋልቱ ማዶ፤ ከገፈርሳ እስከ ወንጪ መኪና የማይበዛባቸው የብስክሌት መንገዶች ታሪክ

ስለ አገራችን መንገዶች የተጻፉ ጥናቶች ዘወትር የሚቈጥሩት ኪሎ ሜትርን፣ ድልድይንና ለሥራው የወጣውን ገንዘብ ነው። መኪና የማይደርስበት መንገድ ከመዝገባቸው አይገባም፤ ቢገባም «መንገድ የሌለው አገር» ተብሎ ይታለፋል። እኛ በዚህ አነስተኛ ጽሑፍ መዝገቡን ገልብጠን ለማየት አስበናል። ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ እስከ አምቦና እስከ ወንጪ ባለው አገር፣ የመኪና ጩኸት ሳይበዛበት በብስክሌት ሊኬድበት የሚችለው መንገድ የቱ ነው? እስከ ዛሬስ ማን አቈየው? በአውሮፓ በተራራ ሥር፣ በደን ውስጥና በውሃ ግድብ ዳር ለብስክሌት ብቻ የተለየ መንገድ ማውጣት ከተለመደ ብዙ ዓመት ሆኖታል። በእኛ አገር ይህን የሰማ ሰው እንደ አዲስ ፈሊጥ ይቈጥረዋል። በምዕራብ ሸዋ ግን መኪና የሌለበት መንገድ ነባሩ ሲሆን፣ እንግዳው መኪናው ነው።

የአምቦ መንገድ የተወለደው በማገዶ ምክንያት ነው ብንል ከእውነቱ ብዙ አንርቅም። አዲስ አበባ በተቈረቈረች በዐሥራ አራት ዓመት ያህል ጊዜ ውስጥ በዙሪያዋ የነበረው ዛፍ ተመናመነ፤ ለወጥ ቤትም ለቤት ሥራም የሚሆነው እንጨት በየጊዜው ከሩቅ መምጣት ጀመረ። ዐፄ ምኒልክም እንደ ቀደሙት ነገሥታት ልማድ እንጨቱን ወደ ከተማው ከማምጣት ከተማውን ወደ እንጨቱ መውሰድ ይሻላል ብለው፣ በ1893 ዓ.ም. አዲስ ዓለምን ለመናገሻነት ቈረቈሩ። በጥቂት ዓመታት ውስጥም ሁለቱን ከተሞች የሚያገናኝ መንገድ ወጣ፤ ይህም በአገሪቱ በዘመናዊ አሠራር ከተሠሩት የመጀመሪያዎቹ መንገዶች አንዱ ነው። ይሁን እንጂ ዝውውሩ ሳይፈጸም ቀረ። ከባሕር ማዶ የመጣው ባሕር ዛፍ በፍጥነት አድጎ የአዲስ አበባን የእንጨት ችግር አቃለለ፤ ለቤተ መንግሥት የታሰበውም ሕንፃ የማርያም ቤተ ክርስቲያን ሆነ። መንገዱ ብቻ ቀረ። ዛሬ በዚያ በኩል የሚያልፍ ሰው በግራም በቀኝም የሚያየው ባሕር ዛፍ፣ መንገዱ የተሠራበትን ምክንያት ያፈረሰው ያው ዛፍ መሆኑን ልብ ቢል ደስ ይለው ይሆናል።

ከዚያ ወዲያ ያለውን ታሪክ በአጭሩ እንለፈው። በሆለታ የጦር ትምህርት ቤት በ1927 ዓ.ም. ተከፈተ፤ ከዚያ የወጡት ወጣት መኮንኖች ጠላት አዲስ አበባን ሲይዝ ወደ ምዕራብ ተጉዘው፣ በወለጋ የጥቁር አንበሳን ማኅበር ካቋቋሙት መካከል ሆኑ። በወረራው ዘመን ጣሊያኖች ወደ ነቀምት የሚወስደውን መንገድ ለጭነት መኪናቸው አበጁት። በ1943 ዓ.ም. የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ከተቋቋመ ወዲህም የመንገድ ሥራ ቋሚ የመንግሥት ተግባር ሆነ። ከዚህ ሁሉ የተገኘው ውጤት ለጥናታችን አንድ ነው፤ ከብዙዎቹ የበቅሎና የእግር መንገዶች መካከል አንዱ ክር ብቻ ተመርጦ ለመኪና ተሰጠ፤ ገበያውም፣ ቡና ቤቱም፣ ወፍጮውም ወደዚያ ክር ተሰበሰበ። የቀሩት መንገዶች ግን አልጠፉም። በቅሎ ነጂ ጭቃንና የወንዝ ሙላትን ስለሚሸሽ የተራራውን ጫንቃ ተከትሎ መሄድ ይወዳል። ብስክሌት ነጂም ቢሆን ይህንኑ ይመርጣል።

ስለ ብስክሌት በአገራችን ሲነሣ አስቀድሞ የሚጠራው አስመራ ነው። በዚያ ከተማ፣ አገሩ በእንግሊዝ አስተዳደር ሥር በነበረ ጊዜ፣ በ1938 ዓ.ም. የኤርትራ ዙር የተባለው ውድድር ተጀመረ። ኢትዮጵያ በ1949 ዓ.ም. ሜልቦርን ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ ስትሳተፍ ከሩጫው ጋር የተሰለፈችው በብስክሌት ነበር። ከብዙ ዓመት በኋላም በ2008 ዓ.ም. የትግራይ ልጅ የሆነው ጽጋቡ ገብረማርያም በቱር ደ ፍራንስ ለመወዳደር የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። ይህ ሁሉ የሚያኰራ ነው፤ ነገር ግን የእሽቅድድም ታሪክ ስለ ሆነ የሚነገረው ስለ አስፋልትና ስለ ሰዓት ነው። በ2011 ዓ.ም. በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች «መንገድ ለሰው» በሚል ስም መኪና ለጥቂት ሰዓት የሚታገድበት ቀን ሲጀመር፣ ሕዝቡ መንገዱን መልሶ ሲያገኝ ምን ያህል እንደሚደሰት ታየ። እኛ የምንመለከተው ግን በአዋጅ ለሰዓታት የተለቀቀውን ሳይሆን፣ ማንም ሳያውጅለት ጸጥ ብሎ የቈየውን መንገድ ነው።

እንዲህ ያለው መንገድ ራሱን በራሱ አይጠብቅም። ከአዲስ አበባ ወደ ምዕራብ ስንወጣ ጸጥታው የሚገኘው አንድ ጠባቂ ባለበት ስፍራ ሁሉ ነው፤ ጠባቂዎቹ ግን አንድ ዓይነት አይደሉም።

መጀመሪያ የምናገኘው ገፈርሳን ነው፤ ከመሐል ከተማው 18 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። የለገዳዲ ግድብ እ.ኤ.አ. በ1970 ከመጠናቀቁ በፊት፣ በግድብ ተጠራቅሞ ለአዲስ አበባ የሚቀርበው የመጠጥ ውሃ የገፈርሳ ነበር። በዙሪያው ያለው ሜዳ ያልታረሰውና ቤት ያልተሠራበት ለመዝናኛ ተብሎ ሳይሆን ከተማው ስለሚጠጣው ነው። በዚህም ምክንያት በኢትዮጵያ እንጂ በሌላ አገር የማይገኘው ባለ ሰማያዊ ክንፉ ዝይ በዳርቻው ይታያል። የዛሬው የቡራዩ ቤቶች ወደ ግድቡ አቅጣጫ ሲገፉ ለሚያይ ሰው የአንድ የውሃ ማጠራቀሚያ አጥር ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ማስረዳት አያስፈልግም። ብስክሌት ነጂው ወደ ውሃው ሳይቀርብ ከሩቅ ቢያየው ይበቃዋል፤ የሚጠጣ ውሃ ነውና።

ቀጥሎ ያለው የመናገሻ ደን ሌላ ጠባቂ ነበረው፤ እርሱም ዙፋኑ ነው። ደኑ 3,385 ሜትር ከፍታ ባለው በወጨጫ ተራራ ጎን ላይ ይገኛል። በትውፊት እንደሚነገረው በ15ኛው መቶ ዓመት የነገሡት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ከወፍ ዋሻ የጥድ ዘር አስመጥተው አስተክለውታል። ይህን ትውፊት ብዙ ሰው እንዳለ ይደግመዋል። በእኛ አስተያየት ግን ጥድ በዚህ ደጋ በራሱ የሚበቅል ስለ ሆነ ዘር ከሌላ አገር ማምጣት አስፈላጊ አልነበረም፤ ትውፊቱ የሚያስረዳን የዛፉን አመጣጥ ሳይሆን የባለቤትነቱን ነገር ነው። «ንጉሥ የተከለው ነው» የተባለ ዛፍ በማንም መጥረቢያ አይነካም። ምኒልክም የማገዶ ችግር በከበዳቸው ዘመን ደኑን አስከበሩት። ስለዚህ በሱባ በኩል በጥድና በዝግባ ጥላ ሥር የሚያልፈው የአፈር መንገድ የቈየው በንጉሥ ቃል ነው ማለት ይቻላል። እንዲህ ያለ ጥበቃ ግን ጉድለት አለው፤ በደኑ ዙሪያ የሚኖረውን ገበሬ እንደ ባለቤት ሳይሆን እንደ ሌባ ይመለከታል።

ይህን ጉድለት ለማረም የተሞከረበት ስፍራ ከጊንጪ በስተሰሜን ያለው የጭሊሞ ደን ነው። ጥድ፣ ዝግባና ወይራ የሚበዛበት ይህ ደን በመንግሥት ዘበኛ ብቻ ሲጠበቅ እየሳሳ ሄደ። እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ ግን ፋርም አፍሪካ የተባለው የረድኤት ድርጅት በሚረዳው ሥራ የአካባቢው ሕዝብ በማኅበር ተደራጅቶ፣ ደኑን ከመንግሥት ጋር በውል እንዲጠብቅና ከጥቅሙም እንዲካፈል ተደረገ። ጭሊሞ ይህ አሠራር በአገራችን መጀመሪያ ከተሞከረባቸው ቦታዎች አንዱ ነው። እዚያ በደኑ ውስጥ የሚሄድ መንገደኛ የሚያልፈው በሰው ግቢ መሆኑን ማወቅ ይገባዋል፤ መንገዱን ቢጠይቅ የሚያሳየው አይጠፋም፤ ሳይጠይቅ ቢገባ ግን የሚጠይቀው አለ።

ከጊንጪ ወዲህ ስላለው መሬት ጥቂት ማለት ያስፈልጋል፤ ካርታ ብቻ ያየ ሰው ይሳሳታልና። በአካባቢው ያለው አፈር ኮቲቻ የሚባለው ጥቁር ሸክላ ነው። በክረምት የብስክሌት ጎማ ሁለት ሦስት ጊዜ እንደ ዞረ በጭቃው ይታሰራል፤ ከዚያ ወዲያ ብስክሌቱ ሰውየውን መሸከሙ ቀርቶ ሰውየው ብስክሌቱን ይሸከማል። በበጋ ደግሞ ይኸው መሬት እግር እስኪያስገባ ድረስ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ወቅቱ ከጥቅምት እስከ ጥር ነው፤ ያን ጊዜም አዝመራው ስለሚሰበሰብ መንገዱ ጭድ በጫኑ አህዮች ይሞላል። መኪና የሌለበት መንገድ ሰው የሌለበት መንገድ አይደለም። በገበያ ቀን ወደ ጊንጪ ወይም ወደ አምቦ በሚወስደው የእግር መንገድ ላይ ብስክሌት ነጂው የመጨረሻው ባለ መብት ነው፤ ለሸክም፣ ለከብትና ለአሮጊት ወርዶ መንገድ መልቀቅ ግዴታው ነው።

የአዋሽ ምንጭ ከጊንጪ ብዙ በማይርቀው ደጋ ነው። ከዚያ ወደ አምቦ ሲታለፍ የውሃው አቅጣጫ ይለወጣል፤ የዳንዲን ሐይቅ ውሃ የሚያወርደው ሁሉቃ ከጉደር ጋር ተቀላቅሎ ወደ ዐባይ ይሄዳል። ወንጪ ደግሞ በወልጋ በኩል ወደ ግቤና ወደ ኦሞ ያፈሳል። በአንድ ሁለት ቀን የብስክሌት ጉዞ የሦስት ታላላቅ ወንዞችን አገር መርገጥ የሚቻልበት ሌላ ስፍራ መኖሩን እንጠራጠራለን። አምቦ ራሷ፣ በቀድሞው ዘመን ሀገረ ሕይወት የተባለችው፣ ለእንዲህ ያለ ጉዞ የተመቸች ማረፊያ ናት። ጠበሏና ፍል ውሃዋ ከጥንት የታወቀ ነው፤ ማዕድን ውሃዋ እ.ኤ.አ. ከ1930 ጀምሮ በጠርሙስ ይሸጣል፤ በ1939 ዓ.ም. የተከፈተው የእርሻ ትምህርት ቤቷም አድጎ ዩኒቨርሲቲ ሆኗል።

ከአምቦ ወደ ደቡብ ያለው አቀበት ቀላል አይደለም። ከተማዋ በ2,100 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የወንጪ ተራራ ጫፍ ግን 3,386 ሜትር ነው። ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል በሆነ መንገድ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ መውጣት ነው ማለት ነው። የገብሱና የእንሰቱ ማሳ እየተተካካ ሄዶ በመጨረሻ እሳተ ገሞራ የቈፈረው ገደል ይከፈታል፤ በሥሩም ሐይቁ፣ በሐይቁም ላይ የቂርቆስ ገዳም ያለበት ደሴት ይታያል። ከገደሉ አፋፍ ወደ ውሃው የሚወርደው የፈረስ መንገድ ነበር። የአካባቢው ገበሬዎች በማኅበር ተደራጅተው እንግዳውን በየተራቸው በፈረስ ያወርዱታል፤ ይመሩታል፤ በጀልባ ያሻግሩታል። ገቢው በተራ ስለሚዳረስ አንዱ ቤት ጠግቦ ሌላው አይራብም። በእኛ ግምት በምዕራቡ ደጋ ካየናቸው ጠባቂዎች ሁሉ የተሻለው ይህ ነው፤ ጸጥታው የራሳቸው እንጀራ ስለ ሆነ ማንም ሳያዛቸው ይጠብቁታል።

አሁን ነገሩ እየተለወጠ ነው። በ2012 ዓ.ም. ይፋ የሆነው «ገበታ ለሀገር» የተባለው የመንግሥት ሥራ ወንጪን ከጎርጎራና ከኮይሻ ጋር ለልማት መረጠው። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ የዓለም ቱሪዝም ድርጅት ወንጪን ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዷ ብሎ ሰየማት። መንገድና ማረፊያ ሲሠራ በሽተኛ ሐኪም ቤት ይደርሳል፤ ድንችም ሳይበላሽ ገበያ ይወጣል፤ ይህን የሚቃወም ልበ ደረቅ ብቻ ነው። ሆኖም መኪና አፋፉን አልፎ እስከ ውሃው ድረስ በወረደ መጠን ፈረሱ ሥራ ይፈታል፤ ተራውም ይፈርሳል። ለብስክሌት የሚወጣ መንገድ ቢኖር በማኅበሩ ተራ ውስጥ ይገባል ወይስ ከውጭ ለሚመጣ ባለ ገንዘብ ይሰጣል? ብስክሌት የሚያከራየው፣ የሚጠግነውና እንግዳውን የሚመራው የፈረሰኛው ልጅ ነው ወይስ ሌላ? ይህ ጥያቄ በመሐንዲስ ሥዕል ላይ አይገኝም፤ መንገዱ ከመጠረጉ በፊት ግን ከማኅበሩ ሽማግሌዎች ጋር ተቀምጦ መነጋገርን ይጠይቃል።

በበኩላችን ለቀጣዩ ጥናት የምናሳስበው በወጨጫ፣ በጭሊሞ፣ በዳንዲና በወንጪ ዙሪያ ያሉት የበቅሎና የፈረስ መንገዶች ስማቸው፣ መሻገሪያቸውና የገበያ ቀናቸው በኦሮምኛም በአማርኛም እንዲመዘገብ ነው። የሚያውቋቸው ነጋድራሶችና በቅሎ ነጂዎች ብዙዎቹ አልፈዋል፤ በየገበያው ዳር ተቀምጠው የሚያስታውሱት ሽማግሌዎች ግን ዛሬም አሉ።