ሁለት ነጥብ፣ ባክስላሽ እና የጎጃም ቅኔ

ኮንቴይነር የምትሠሩ ልጆች «ቲቸር፣ የይለፍ ቃሉን ኮምፖዝ ፋይል ላይ በትክክል ጽፌዋለሁ፣ ዳታቤዙ ግን ስህተት ነው ይለኛል» እያላችሁ ትጠይቁኛላችሁ። መልሱ አጭር ነው፤ ታሪኩ ግን ይጥማል።

ለጎጃም ልጅ ቅኔ ምን እንደሆነ አይነገረውም። በዋሸራ ደጃፍ ያላለፈም ሰምና ወርቅ ያውቃል። የኮንፊግ ፋይል ምልክትም እንዲሁ ነው። የ$ ሰሙ ያው የዶላር ምልክት ነው፤ ወርቁ ግን «ቀጥሎ ያለው የተለዋዋጭ ስም ነው፣ ዋጋውን አምጣ» የሚል ትእዛዝ። እስኬፕ ማድረግ ማለት ማሽኑን «ወርቁን ተወው፣ በሰሙ አንብበው» ማለት ነው።

ባክስላሽን አስኪ የተባለው የኮምፒውተር ሠንጠረዥ ውስጥ ያስገባው የአይ ቢ ኤሙ ቦብ ቢመር ነው፣ በ1961 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው)። ለእስኬፕ ብሎ ግን አልነበረም፤ ከስላሽ ጋር እያጋጠመ የአልጎልን «እና» እና «ወይም» ምልክቶች ለመጻፍ ነው። የቤል ላብ ሰዎችም ቢ በተባለው ቋንቋቸው ለእስኬፕ የተጠቀሙት ኮከብ (*) ነበር። ሲ ሲመጣ ወደ ባክስላሽ ዞሩ፣ ሌላውም ተከተለ። በ2013 የወጣው ዶከርም ወረሰው። ኮምፖዝ ግን ለ$ የራሱ ደንብ አለው፦ ደግማችሁ $$ ብላችሁ ትጽፋላችሁ። ነጠላ ጥቅስ ውስጥ ብትከቱትም አይድንም። የይለፍ ቃላችሁን የበላው ይኸው ነው።

የእኛ ፊደል ደግሞ ከዚህ የባሰ አይቷል። በድሮዎቹ ፎንቶች ግዕዝ በላቲን ፊደላትና ምልክቶች ቦታ ተደርቦ ነበር የሚቀመጠው። ፍኖተ ሰላም ያስተየባችሁትን አቤቱታ በፍላሽ ይዛችሁ ቡሬ ስትከፍቱት፣ ፎንቱ ከሌለ የሚወጣው የላቲን ፊደልና የምልክት ጥርቅም ነው። የሰው ስም፣ የመሬት ጉዳይ፣ ሁሉም እዚያ ውስጥ ተቀብሮ! በ1999 በዩኒኮድ 3.0 ፊደላችን የራሱን ቦታ አገኘ። ሁለት ነጥባችንም (፡) የራሱ ኮድ ተሰጠው።

እዚህ ላይ ነው አዲሱ ጣጣ። ያምል የሚያውቀው የፈረንጁን (:) ብቻ ነው፤ የእኛው ለእሱ ሰም እንጂ ወርቅ የለውም፣ እንደ ማንኛውም ፊደል ቆጥሮት ያልፋል። በአማርኛ ኪቦርድ ፋይል የነካካችሁ ልጆች፣ ስህተት የሚያሳየውን መስመር በዓይን ብቻ አትመኑ። ኪቦርዱን ወደ እንግሊዝኛ መልሱና ነጥቦቹን አጥፍታችሁ ድጋሚ ጻፏቸው።