የትኩረት ማነስ ላለባቸው ሰዎች የጥርስ ሕክምናን ማቅለል

የጥርስ ሕክምና ከታካሚው የሚጠይቀው ጥቂት ነገር ይመስላል፤ በቀጠሮው ሰዓት መድረስ፣ ተራን መጠበቅ፣ አፍን ከፍቶ ሳይንቀሳቀሱ መቆየትና የሐኪሙን ምክር ይዞ ወደ ቤት መመለስ። የትኩረት ማነስና ከመጠን ያለፈ ቅብጥብጥነት ላለበት ሰው ግን ከሁሉም የሚከብዱት እነዚሁ አራት ነገሮች ናቸው። ስለሆነም ሕክምናው የሚቀለው ታካሚውን በመገሠጽ ሳይሆን የሕክምናውን ሂደት ከታካሚው ሁኔታ ጋር በማስማማት ነው።

ይህ ሁኔታ በእንግሊዝኛ ምህጻረ ቃሉ «ኤዲኤችዲ»፣ በዐረብኛ ደግሞ «ፈርጥ አል-ሐረካ ወተሸቱት አል-ኢንቲባህ» ይባላል። ከአንጎል ዕድገት ጋር የተያያዘ ሲሆን ምልክቶቹ ከ12 ዓመት ዕድሜ በፊት ይታያሉ። ከሕፃናት 5 በመቶ፣ ከአዋቂዎች ደግሞ 2.5 በመቶ ያህሉ እንዳለባቸው ይገመታል። በአንዳንዶች ላይ የሚጎላው የትኩረት ማነስ ነው፤ በሌሎች ላይ መቁነጥነጥና መቸኮል ይበረታል፤ ሁለቱም በአንድነት የሚታዩባቸውም አሉ። ልጁ «ረባሽ»፣ አዋቂው «ግድ የለሽ» ተብሎ መወቀሱ የተለመደ ቢሆንም፣ ሁኔታው ስንፍናም የአስተዳደግ ጉድለትም አይደለም።

ጥርስ ለምን ይጎዳል?

ጥርስን በየዕለቱ መቦረሽ ይረሳል፤ ሲጀመርም ሳይጠናቀቅ ይቋረጣል። ለሁኔታው ከሚታዘዙት መድኃኒቶች መካከል ሜቲልፌኒዴትና አቶሞክሰቲን አፍን ሊያደርቁ ይችላሉ። ምራቅ ጥርስን የሚያጥብና ጥርስን የሚበላውን አሲድ የሚያረክስ በመሆኑ፣ ሲቀንስ ጥርስ በቀላሉ ይቦረቦራል። ቀጠሮ በተረሳ ቁጥር ደግሞ በትንሽ ሙሌት ሊድን ይችል የነበረው ጥርስ እስከ መነቀል ይደርሳል። ሕመም የተሞላበት ሕክምና ፍርሃትን ይተክላል፤ ፍርሃቱም ቀጣዩን ቀጠሮ ያስቀራል።

ከቀጠሮው በፊት

ቀጠሮ ሲያዝ ሁኔታውን ለክሊኒኩ ማሳወቅ ተገቢ ነው። በዐረብኛ «ፈርጥ ሐረካ» ማለት ብቻ ለመግባባት ይበቃል። የጠዋቱን የመጀመሪያ ተራ መጠየቅ የጥበቃውን ጊዜ ያሳጥራል። መድኃኒት የሚወስድ ሰው ከሆነ ቀጠሮው መድኃኒቱ በሚሠራበት ሰዓት ቢሆን ይመረጣል።

የሚወሰዱ መድኃኒቶች ስም በወረቀት ተጽፎ ለጥርስ ሐኪሙ መሰጠት አለበት። ሜቲልፌኒዴት የልብ ምትንና የደም ግፊትን ከፍ ሊያደርግ ይችላል፤ በርካታ የጥርስ ማደንዘዣዎችም አድሬናሊን ይይዛሉ። ሐኪሙ ይህን አስቀድሞ ሲያውቅ የማደንዘዣውን ዓይነትና መጠን አመዛዝኖ ይመርጣል። መድኃኒቱን ያዘዘው ሐኪም ሳይፈቅድ ግን በራስ ውሳኔ ማቋረጥ አይገባም።

አዋቂ ታካሚ በስልኩ ላይ ሁለት ማስታወሻ ቢሞላ ይጠቅመዋል፤ አንዱ በዋዜማው፣ ሌላው ከቤት በሚወጣበት ሰዓት። ለልጅ ደግሞ የሚጠብቀውን ነገር በአጭሩና በእውነት መንገር ይመከራል። «ምንም አይሰማህም» ብሎ መሸንገልም ሆነ «ካላረፍክ ሐኪሙ መርፌ ይወጋሃል» ብሎ ማስፈራራት ልጁ በሐኪሙ ላይ ያለውን እምነት ያጠፋል።

በሕክምናው ወንበር ላይ

የሕፃናት ጥርስ ሐኪሞች ከ1959 ጀምሮ የሚታወቅ «ንገር፣ አሳይ፣ አድርግ» የተሰኘ ዘዴ አላቸው። ሐኪሙ መሣሪያው ምን እንደሚሠራ በቀላል ቃል ይናገራል፤ ከዚያም በልጁ ጣት ወይም ጥፍር ላይ ያሳየዋል፤ በመጨረሻም በጥርሱ ላይ ይጠቀምበታል። ያልተጠበቀ ነገር ለሚያስደነግጠው ሰው ይህ ዘዴ በማንኛውም ዕድሜ ይረዳል።

ሥራው ከመጀመሩ በፊት በአንድ ምልክት መስማማት መልካም ነው፤ ለምሳሌ ታካሚው ግራ እጁን ሲያነሣ ሐኪሙ ሥራውን ያቆማል። አማርኛ ተናጋሪው «ደቂቃ» ቢልም ይረዱታል፤ ቃሉ በዐረብኛም ትርጉሙ ያው ነውና። ረጅም ሕክምና በአጫጭር ቀጠሮዎች ሊከፈል ይችላል። ትእዛዝ አንድ በአንድ ሲሰጥ ይሻላል። ጥቁር መነጽር የመብራቱን ኃይል፣ የጆሮ ማዳመጫ የመሣሪያውን ድምፅ ይቀንሳሉ፤ በእጅ የሚጨመቅ ለስላሳ ኳስም ለሚቁነጠነጡ እጆች ሥራ ይሰጣል። ይህ ሁሉ ካልበቃ ሐኪሙ የሚያረጋጋ ጋዝን ወይም ሌላ የማረጋጊያ አማራጭን ሊያቀርብ ይችላል።

ከማደንዘዣ በኋላ ከንፈርና ጉንጭ ለጥቂት ሰዓታት ደንዝዘው ይቆያሉ። ልጁ ሳያውቀው ከንፈሩን ነክሶ ሊያቆስል ስለሚችል ድንዛዜው እስኪለቅ ድረስ በዓይን መከታተል፣ ምግብና ትኩስ መጠጥም ማዘግየት ያስፈልጋል።

በቤት ውስጥ

ከክሊኒኩ ከመውጣት በፊት የሐኪሙን ምክር በጽሑፍ መቀበልና ቀጣዩን ቀጠሮ እዚያው መያዝ ይገባል። በቃል የተነገረ ምክር ከበር ሳይወጡ ሊረሳ ይችላል።

ጥርስ በቀን ሁለት ጊዜ፣ በእያንዳንዱም ጊዜ ለሁለት ደቂቃ መቦረሽ አለበት። የጥርስ ሳሙናው ከ1000 እስከ 1500 ፒፒኤም ፍሎራይድ ያለው ይሁን፤ መጠኑ በቱቦው ላይ ይጻፋል። ከ3 ዓመት በታች ላለ ልጅ የሩዝ ፍሬ የምታህል፣ ከ3 እስከ 6 ዓመት ላለ ደግሞ የአተር ፍሬ የምታህል ሳሙና ትበቃዋለች። መፋቂያ መጠቀም መልካም ልማድ ቢሆንም ፍሎራይድ ያለውን ሳሙና አይተካም። መቦረሽን ከማይረሳ የዕለት ተግባር ጋር ማያያዝ ያጸናዋል፤ ሁለት ደቂቃ የሚፈጅ ዜማ ማጫወትም ጊዜውን ሳይቋረጥ ያስጨርሳል። አፉ ለሚደርቅበት ሰው ከጣፋጭ መጠጥ ይልቅ ውኃ ቶሎ ቶሎ መጎንጨት ይበጀዋል።

በባሕረ ሰላጤው አገሮች በርካታ ኢትዮጵያውያን ሠራተኞች የአሠሪዎቻቸውን ልጆች ይንከባከባሉ። ስለ መድኃኒትና ስለ ሕክምና የሚወስኑት ወላጆች ናቸው፤ ሆኖም ልጁ በየትኛው ሰዓት እንደሚረጋጋ፣ ምን ዓይነት ድምፅ እንደሚያስደነግጠው፣ መቦረሹን የት ላይ እንደሚያቋርጥ አዘውትራ የምታየው ተንከባካቢዋ ናት። ይህን ለወላጆች መንገሯ፣ ወላጆችም ለሐኪሙ ማድረሳቸው ሕክምናውን በእጅጉ ያቀለዋል።

ለመጀመሪያው ጉብኝት የተሻለው ጊዜ ምንም ሕመም የሌለበት ቀን ነው። በዚያ ቀን ታካሚው በወንበሩ ላይ ይቀመጣል፣ ጥርሱ ይቆጠራል፣ ከሐኪሙ ጋር ይተዋወቃል፤ ሕመም ቢመጣ እንኳ ዳግመኛ የሚሄደው ወደሚያውቀው ስፍራ ይሆናል።