አንኮበር ሴሪን

አንኮበር ሴሪን (ሳይንሳዊ ስሟ፦ ክሪታግራ አንኮበሬንሲስ) በኢትዮጵያ ደጋ ብቻ የምትኖር ትንሽ ጥሬ ለቃሚ ወፍ ናት። ለዜማዋ በቤት ከምትረባው ካናሪና በአውሮፓ ጓሮዎች ዘወትር ከሚታዩት ፊንች ከሚባሉ ወፎች ጋር በአንድ አስተኔ ትመደባለች።

ስያሜ

ወፏን በ1976 እ.ኤ.አ. በሰሜን ሸዋ፣ አንኮበር አካባቢ ያገኛት እንግሊዛዊው የአእዋፍ ተመራማሪ ጆን አሽ ነው። አዲስ ዝርያ መሆኗንም በ1979 እ.ኤ.አ. በጽሑፍ አሳወቀ። በመጀመሪያ «ሴሪኑስ» በተባለው ወገን ውስጥ ነበረች፤ በኋላ ወደ «ክሪታግራ» ተዛወረች። ይህ ስም ከግሪክኛ የመጣ ሲሆን «ገብስ አዳኝ» ማለት ነው።

መልክ

ርዝመቷ 12 ሴንቲሜትር ገደማ ነው። ላባዋ ቡናማ ሆኖ በጠቆረ ሰረዝ የተዥጎረጎረ ነው፤ ማጅራቷ ላይ ነጣ ያለ ምልክት አላት። የብዙዎቹ ዘመዶቿ ቢጫ ቀለም በእርሷ ላይ አይታይም። ወንዱና ሴቷ ይመሳሰላሉ።

ስርጭት

ለረጅም ጊዜ የምትታወቀው በአንኮበር አካባቢ ባለ ጠባብ የገደል አፋፍ ብቻ ነበር። ከዚያ ወዲህ በመንዝ ጓሳ፣ በላሊበላ አጠገብ ባለው በአቡነ ዮሴፍ ተራራና በሰሜን ተራሮች ታይታለች። የምትኖረው በአብዛኛው ከ2,800 ሜትር በላይ ነው። በአቡነ ዮሴፍና በሰሜን ተራሮች መካከል የዋግ ኽምራ ምድርና ጥልቁ የተከዜ ሸለቆ ይገኛሉ፤ ሰቆጣ ከተማ ራሷ 2,200 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ለዚህች ወፍ ዝቅ ትላለች። ስለዚህ መኖሪያዎቿ እንደ ደሴት የተነጣጠሉ ናቸው፤ በአንዱ ተራራ ብትጠፋ ከሌላው መጥታ መተካቷ አስቸጋሪ ነው።

አኗኗር

ድንጋያማ ቁልቁለትና አጭር ሣር ያለበትን ቦታ ትመርጣለች። በመንጋ ሆና መሬት ላይ ጥሬ ትለቅማለች፤ ጎጆዋንም በገደልና በአፈር ግድግዳ ስንጥቅ ውስጥ ትሠራለች።

ስጋትና ጥበቃ

በዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ቀይ መዝገብ «ለአደጋ የተጋለጠች» ተብላ ተመዝግባለች። ዋናው ስጋት እርሻ ወደ ገደሉ አፋፍ መግፋቱና የባሕር ዛፍ ተከላ ሣራማውን ቦታ መሸፈኑ ነው። ስሟ «ገብስ አዳኝ» ይሁን እንጂ የገብስ ማሳ ሲሰፋ መኖሪያዋ ይጠብባል። በአንጻሩ የመንዝ ሕዝብ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የጓሳን ሣር ለዓመታት ከልሎ፣ ጊዜው ሲደርስ ብቻ ለክዳንና ለግጦሽ በመክፈት ጠብቆታል፤ ይህ ልማድ ለሌሎች የደጋ እንስሳት እንደጠቀመ ሁሉ ለዚህች ወፍም መጠለያ አቆይቷል።